የመኪናችሁ የቤንዚን ሽታ በሽቶ አይታከምም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና ነው። አዎ፣ ሐኪም እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ጉዳዩ ወደ ምርመራ ክፍሌ የገባው በአንድ ሕፃን ሆድ በኩል ስለሆነ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳዩ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ "ራሴን አመመኝ" ብሎ ጠረጴዛ ላይ ይደፋል። ሁለት ጊዜ ሰገራው ተመርምሯል፤ ሁለት ጊዜም የጃርዲያ መድኃኒት ወስዷል። ሁለተኛውን ያዘዝኩለት እኔ ነኝ። ተሻለው ሲሉ ይመለስበታል። በቀጠሮው ሲመለሱ ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ "ቅዳሜና እሑድስ?"

እናትየዋ አሰብ አድርጋ "ቅዳሜና እሑድ ደህና ነው" አለች። ትምህርት ቤት ፈርቶ ይሆናል ብዬ ልደመድም ስል ልጁ ራሱ "የአባዬ መኪና ይሸታል" አለ። እናቱ ሳቅ አለች። "እሱማ ቤንዚን ቤንዚን ይላል ዶክተር፣ አሮጌ መኪና አይደል። ሽቶ አንጠልጥለንበታል።"

አባትየው መኪናውን ጋራዥ ወሰደው። ነገሩ የተገኘው ከኋላው መቀመጫ ሥር ነው። ከወራት በፊት የነዳጅ ፓምፑ ተቀይሮ ነበር፤ ሲገጠም ግን አሮጌው ጓርኒሲዮን ሳይቀየር ተመልሶ ገብቷል። በብዙ የቤት መኪናዎች የነዳጅ ታንከሩ ያለው ከኋላው መቀመጫ በታች ነው፤ ፓምፑም የሚወጣውና የሚገባው መቀመጫው ተነሥቶ ነው። ማሸጊያው ካልያዘ ትነቱ የሚወጣው ልክ ልጆቻችን ከሚቀመጡበት ሥር ነው ማለት ነው። ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ መኪናው በደንብ ተናፈሰ፣ የልጁ ማስመለስም ቆመ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ይህ በሳይንስ ቋንቋ ማረጋገጫ አይባልም። በአንድ ልጅ ላይ የታየ ነገር ነው፤ መኪና የሚያዞረው ልጅ ሽታ በሌለበት መኪና ውስጥም ያስመልሰዋል። ነገር ግን ሽታው ሲኖር የሚታመም፣ ሽታው ሲጠፋ የሚድን ልጅ ካየሁ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስ ልጅ ሲመጣልኝ "በምንድነው ትምህርት ቤት የሚሄደው?" ብዬ ሳልጠይቅ መድኃኒት አልጽፍም።

አቋሜን በግልጽ ልንገራችሁ። መኪና ውስጥ የሚሸት ቤንዚን የእርጅና ጠረን አይደለም። ጤነኛ የሆነ አሮጌ መኪና ቤንዚን አይሸትም። የነዳጁ መንገድ ከታንከር እስከ ሞተር ድረስ ዝግ ነው፤ ሽታው ከመጣ አንድ ቦታ ተከፍቷል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሁን ያሉን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ጎማውም፣ ቱቦውም፣ ማሸጊያውም እያረጀ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ይህ ሽታ የሚቀርልን ጉዳይ አይመስለኝም።

ሽቶ ማንጠልጠል ትኩሳትን በፓራሲታሞል አውርዶ ወባውን እንደመተው ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም ያለን ማስጠንቀቂያ አፍንጫችን ብቻ ነው፤ እሱንም እናደነዝዘዋለን። አፍንጫ ደግሞ በራሱም ታማኝ ዘብ አይደለም። አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየን አእምሯችን ሽታውን መመዝገብ ይተዋል። ሹፌሩ "አሁን እኮ ጠፍቷል" የሚለው ስለጠፋ ሳይሆን ስለለመደው ነው። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ሽቶው ራሱ ሳሉን ሊቀሰቅስበት እንደሚችል በዚሁ አስታውሱ።

ለመሆኑ ትነቱ ምን ያደርጋል? በቅርቡ የሚታየው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይንና የጉሮሮ መቆጥቆጥ ነው። ልጆች ከክብደታቸው አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር ይተነፍሳሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ እነሱ ደግሞ ከእኛ ዝቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። በረጅም ጊዜ የሚያሳስበን ቤንዚን ውስጥ ያለ አንድ ኬሚካል ነው። ስሙ ከነዳጁ ጋር ስለሚመሳሰል ግራ እንዳያጋባችሁ ቤንዞል በሚለው ሌላ ስሙ ልጥራው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤንዞልን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል፤ የሚጎዳው በተለይ ደም የሚሠራውን መቅኔ ነው። ይህን የምለው ላስደነግጣችሁ አይደለም። አንድ ወር የሸተተ መኪና ልጄን ካንሰር አስያዘው ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ፤ ጉዳቱ በመጠንና በዓመታት የሚቆጠር ነው። ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ለዓመታት፣ መስኮት ተዘግቶ? ለምን?

ከሁሉም በላይ ግን እሳቱ አለ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። አየሩ ውስጥ ያለው ትነት 1.4 በመቶ ገደማ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

አሁን ወደ ምርመራው። እዚህ ላይ ነው ሐኪምና መካኒክ አንድ የምንሆነው። የጤና ጣቢያ ወረፋ ጠብቃችሁ ገብታችሁ ገና "ራሴን" ስትሉ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብላችሁ የወጣችሁበትን ቀን አስታውሱ። ጋራዥም እንዲህ ያለ አለ፤ ኮፈኑን ሳይከፍት "ፓምፕ ነው" ይላል፤ ፓምፕ ይገዛል፣ ሽታው አይሄድም፤ ቀጥሎ "ኢንጀክተር ነው"። ይህን የሚያስቀረው እናንተ ይዛችሁት የምትሄዱት ታሪክ ነው። ሐኪም ዘንድ "መቼ ጀመረ? መቼ ይብሳል?" እንደምትባሉት ሁሉ መኪናውንም ለጥቂት ቀን ተከታተሉትና መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ግን ይህ ክትትል አይሠራም፤ ስለሱ ከታች እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነዳጅ ከቀዳችሁ በኋላ ነው ወይ የሚሸተው የሚለው ነው። ፉል ባደረጋችሁ ቀን ሸቶ ከዚያ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው በመሙያው በኩል ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ይሆናል፤ ይህ ርካሽና ቀላል ነው። ወይም ከመሙያው አፍ ወደ ታንከሩ የሚወርደው ቱቦ ዝጎ ወይም ተበስቶ ይሆናል። ሌላው የራሳችን ጥፋት ነው። የመቅጃው አፍ ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ "ጨምርበት፣ ጨምርበት" እንላለን። በብዙ መኪናዎች ላይ ከታንከሩ የሚወጣውን ትነት የሚይዝ፣ ውስጡ በከሰል የተሞላ ዕቃ አለ። ከመጠን በላይ ስንሞላ ፈሳሹ እዚያ ድረስ ይደርስና ከሰሉን ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ትነቱን የሚይዘው የለም። ስለዚህ ቀጭ ሲል በቃ ማለት ልመዱ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሽታው ከፊት ነው ከኋላ የሚለው ነው። ፋን ወይም ኤሲ ስትከፍቱ ሽታው ቦግ ብሎ ከመጣ፣ ምንጩ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አካባቢ ነው፤ አየር ወደ መኪናው የሚገባው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከኮፈኑ ጫፍ ላይ ነውና። እዚያ የሚታየው የነዳጅ ቱቦ መሰንጠቅ፣ የማሰሪያ መላላት ወይም የኢንጀክተር ጎማ መድረቅ ነው። ቱቦ ሲቀየር ደግሞ ለነዳጅ የተሠራ ቱቦ መሆኑን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ። ለውኃ የተሠራ ተራ ጎማ ቤንዚን ያብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ችግር ይመለሳል፤ ያውም ሞተሩ በጋለበት ቦታ። ፋን ሳይከፈት ከኋላ መቀመጫ በኩል የሚመጣ ከሆነ ግን የዚያን ልጅ ታሪክ ንገሩትና መቀመጫውን አንሥቶ የፓምፑን ክዳን እንዲያይ ጠይቁት። በተለይ በቅርቡ ፓምፕ ከተነካ "ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው ወይ?" በሉት። አያፍርም፤ ቢያፍርም ግድ የለም።

ሦስተኛው ማደሪያው ነው። ማታ መኪናው ከሚቆምበት ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርግታችሁ ጠዋት እዩት። ጠብታው የት ጋ እንዳረፈ ለመካኒኩ ከብዙ ወሬ ይበልጥበታል። ኤሲ ስትጠቀሙ የሚንጠባጠበው ንጹሕ፣ የማይሸት ውኃ ጤነኛ ነገር ነው። ቶሎ የሚደርቅና የሚሸት ከሆነ ቤንዚን ነው። ክብሪት፣ ላይተር፣ ሻማ ይዛችሁ ከመኪናው ሥር አትጎንበሱ። ይህን መጻፍ ያስፈልጋል ወይ ትሉ ይሆናል። ተቃጥለው የመጡ ሰዎችን እጅ ያጠብኩ ሐኪም ነኝ፤ ያስፈልጋል።

ጠዋት ሞተር ሲነሣ ብቻ ትንሽ ሸትቶ የሚጠፋ ሽታ ከእነዚህ ያነሰ አሳሳቢ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚቃጠለውን ነዳጅ ስለሚያበዛ ነው። እየተባባሰ ከሄደ ወይም ሞተሩ ነዳጅ ማብዛት ከጀመረ ግን ይታይ። መኪናው ካርቡሬተር ያለው የቆየ መኪና ከሆነ ደግሞ መካኒኩ መጀመሪያ እሱን ይይላችሁ።

ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ካያችሁ፣ ወይም ሽታው በድንገት ከባድ ከሆነ፣ ሞተሩን አታስነሡ። "እስከ ጋራዥ ብቻ" የሚባል ነገር የለም። ልጆቹን አውርዱ፣ ከመኪናው ራቁ፣ መካኒኩን ወዳለችሁበት ጥሩት።

አንድ ነገር ግን በደንብ ለዩልኝ፤ የቤንዚን ሽታና የጭስ ሽታ አንድ አይደሉም። ያልተቃጠለ ቤንዚን የሚሸተው ማደያ ላይ እንደምታውቁት ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ግን የተቃጠለ ጭስ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፤ ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎችን ሳይቀሰቅስ የሚወስደው እሱ ነው። ማርሚታው ተበስቶ ጭስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም የኋላውን በር ክፍት አድርጋችሁ ዕቃ ጭናችሁ ከሄዳችሁ፣ ጭሱ ተመልሶ ወደ እናንተ ይሳባል። ተሳፋሪዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ድብት ካላቸው፣ ወርደው አየር ሲያገኙ ከተሻላቸው ይህን ጠርጥሩ። ከዚያ መኪና ውረዱ፤ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ቀጥታ ሆስፒታል። ሲደርሱ "መኪና ውስጥ ጭስ ነበር" ማለት አትርሱ፤ ይህችን ቃል ካልሰማን እኛ ሐኪሞች ሌላ ነገር ስንፈልግ ጊዜ እናባክናለን።

መኪናው ምንም ሳይበላሽ የሚሸትበትም መንገድ አለ። ጀሪካን ነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ሰልፉን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የተገኘውን በጀሪካን ሞልቶ ከኋላ መጫን ልማድ ሆነ። አዳማ ላይ የሞላችሁት ጀሪካን አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፋፍቶ ታገኙታላችሁ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያልፋል። ወደ ላይ ስትወጡ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውስጥ ያለው ትነት ይገፋል፤ በክዳኑ በኩልም ይወጣል። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ጀሪካን ከበስተጀርባቸው ጭኖ መጓዝ በእኔ ዘንድ ምክንያት የለውም። ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ምንጣፉን አውጥታችሁ ውጭ አስጡት፤ በሮቹን ከፍታችሁ ሜዳ ላይ አናፍሱት። ግቢ ውስጥ ከእሳት ማንደጃው አጠገብ አይሁን።

በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቀመጠው ቤንዚንማ ሌላ ጉድ ነው። የተጠማ ልጅ ጠርሙስ እንጂ ይዘቱን አያይም። ልጅ ቤንዚን ወይም ላምባ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉ፤ ጣት አትክተቱበት። ወተትም አትስጡት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለውን ሁላችንም ከቤት ሰምተን ነው ያደግነው፤ እዚህ ላይ ግን ሆድ ሲሞላ ማስመለስን ያመጣል። ጉዳቱ የሚከፋው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ወደ ሳንባ ሲገባ ነው፤ ሲያስመልሰው ደግሞ መንገዱ ያው ነው። የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ደህና ቢመስልም ውሰዱት፤ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል አተነፋፈሱን ማየት እንፈልጋለን። በቱቦ በአፋችሁ ቤንዚን የምትስቡ አባቶችና ሹፌሮችም ይህ እናንተንም ይመለከታል። ከሳባችሁ በኋላ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የደረት ውጋት ከመጣ "ብርድ ነው" አትበሉ፤ የሆነውን ለሐኪም ንገሩ።

ሳልረሳው ለነፍሰ ጡሮች አንድ ነገር። "ዶክተር፣ የቤንዚን ሽታ ደስ ይለኛል፣ ማደያ ስንገባ መስኮት አስከፍታለሁ" የሚሉኝ እናቶች ጥቂት አይደሉም። አምሮት ነው ተብሎ ይሳቅበታል። እኔ አልስቅም፤ የደም ምርመራ አዛለሁ። አፈር፣ በረዶ ወይም እንዲህ ያለ ሽታ የማማር ነገር ከብረት ማነስ ጋር አብሮ ሲመጣ ይታያል፤ ብረቱ ሲስተካከል አምሮቱም ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ለክትትል ስትሄዱ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ መስኮቱንም ዝጉት።

ገንዘቡ እንደሚያሳስባችሁ አውቃለሁ። ለቦሎ ምርመራ ሲደርስ አብሮ ይታያል ብላችሁ የምታቆዩትም አላችሁ። እኔ የምለው መኪናው እስኪሠራ ድረስ ልጆቹ በሌላ ነገር ይሂዱ ነው፤ በታክሲ፣ በጎረቤት መኪና፣ ሰፈሩ ቅርብ ከሆነም በእግር። አማራጭ ከሌለ መስኮቶቹን ከፍታችሁ፣ መንገዱን አሳጥራችሁ ሂዱ፤ ይህ ግን የጥቂት ቀን መሸጋገሪያ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ከተሠራ በኋላ ሽቶውን አውርዱት። በሮቹን ከፍታችሁ ለሁለት ሦስት ቀን አናፍሱት፤ መቀመጫና ምንጣፍ የጠጣው ሽታ ወዲያው አይለቅም። ከዚያ መኪናውን ዘግታችሁ አሳድሩትና ጠዋት ያንን መኪና የማያውቅ ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን የሰፈር ጥበቃ፣ በሩን ከፍቶ እንዲያሸት ጠይቁት። የእናንተን አፍንጫ አትመኑት። እሱ "ምንም የለም" ካላችሁ ልጆቹን አስገቡ። ልጁ ከዚያም በኋላ ማስመለሱን ካላቆመ ግን ወደ እኔም ሆነ ወደ ሐኪማችሁ መልሱት፤ ያኔ የምንፈልገው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።